የጎረቤቴን የልጅነት ትዝታ እንዴት አድርጌ ልጻፍላቸው?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፦

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ሠፈር የምኖር የ46 ዓመት ነርስ ነኝ። ቤታችንን ከገዛን ስድስት ዓመት ሆነን። ሠፈሩ እ.ኤ.አ. በ1950 የተሠራ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ ቀይ ጡብ የለበሱ፣ ጠበብ ያሉ፣ ከፊት ሣር ከኋላ ጓሮ ያላቸው፣ የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉ ናቸው።

ከጎናችን የ79 ዓመት ነጭ አሜሪካዊት ይኖራሉ። ወላጆቻቸው ቤቱን አዲስ እያለ ሲገዙት እርሳቸው የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አግብተው ሌላ አገር ኖረው እናታቸው ሲያርፉ ተመልሰው ገቡበት። ልጆቼ «እማማ» ይሏቸዋል፤ ትርጉሙን ጠይቀው ከተረዱ ወዲህ እርሳቸውም በሌላ ስም ሲጠሯቸው ቅር ይላቸዋል። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ እንቅልፍ ሲጥለኝ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቀበሉልኝ እርሳቸው ናቸው። ኮቪድ በበረታበት ወቅት ቤተሰቤን ላለማስያዝ ቤዝመንት ውስጥ ተለይቼ ስተኛ፣ በየማታው በመስኮቴ ሥር ትኩስ ሾርባ ያስቀምጡልኝ ነበር።

እማማ ወሬ ይወዳሉ፤ ወሬያቸውም ዘወትር ወደ ልጅነታቸው ይመለሳል። ወተት አመላላሹ ጎሕ ሳይቀድ ጠርሙሶቹን በር ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ ሲያኖር የሚሰማውን ድምፅ፣ የመንገድ መብራት ሲበራ ልጅ ሁሉ ወደየቤቱ መሮጡን፣ ቤቶቹ ከመመሳሰላቸው የተነሣ አንዲት አዲስ የገባች ልጅ ተሳስታ የእነርሱ ማዕድ ቤት ገብታ እራቷን መጠበቋን ደጋግመው ያወሩልናል። በልደታቸው ቀን ግሌን ኤኮ ወደሚባለው የመዝናኛ ሥፍራ ይወሰዱና ከሚዞሩት የእንጨት እንስሳት መካከል ሁልጊዜ ሰጎኗን ይመርጡ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ አንዲት ጥቁር ሴት በአውቶቡስ እየመጣች የአባታቸውን ሸሚዞች ትተኩስ ነበር፤ እስከ ዛሬ የካውያ እንፋሎት ሲሸታቸው የእርሷ እንጉርጉሮ ትዝ ይላቸዋል። እኔም በፈንታዬ አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ያደግሁበትን ግቢ፣ የኮክ ዛፋችንን፣ በ77 ዓ.ም. ከወሎ መጥታ ያሳደገችንን፣ «እቴቴ» የምንላትን ልጅ፣ እርሷ ስትጋግር ምጣዱ ሥር ቁጭ ብለን የመጀመሪያዋን እንጀራ የምንሻማውን እነግራቸዋለሁ። ስንሳሳቅ እናመሻለን።

ሠፈሩ ዘንድሮ 75 ዓመት ስለሞላው በቅርቡ በዓል ይደረጋል፤ እማማም ትዝታቸውን በጽሑፍ እንዲያነቡ ተጋብዘዋል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ በኮምፒውተር እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ በደስታ እሺ አልኩ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ የቤት ብድራችንን ሪፋይናንስ ለማድረግ ሰነድ ሲያገላብጥ ከመሬት መዝገብ የወጣ አሮጌ ወረቀት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1946፣ መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሲሸነሸን የተጻፈ ነው። በዚህ ሠፈር ያለ ማንኛውም ቤት ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ ጥቁር ሰውም እንዳይኖርበት ይከለክላል። ቀጥሎ የቤት ሠራተኞችን ክልከላው እንደማይመለከት ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ የእማማ ወሬ ሌላ ሆኖ ይሰማኛል። «ያ ጊዜ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!» ሲሉ ጣቶቼ መጻፉን እምቢ ይሉኛል። ባለቤቴ «የራሳቸው ልጆች ይጻፉላቸው፤ ወይም በበዓሉ ላይ ወረቀቱን አንቺ አንብቢው» ይላል። የአሥር ዓመት ልጄ ንግግራችንን ሰምታ «ማሚ፣ ያኔ ብንሆን እዚህ መኖር እንችል ነበር?» ብትለኝ «ሂጂ፣ ጥርስሽን ታጠቢ» አልኳት። ደግሞ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ2004 ነው፤ አያቶቼ በዚህ ምድር አልተገፉም። በሌላ ሰው ቁስል የማለቅስ እየመሰለኝ አፍራለሁ። ልጻፍላቸው? ልተው? ወረቀቱንስ ላሳያቸው? እባክዎ ያማክሩኝ።

ግራ የገባት ጎረቤት

ውድ እኅቴ፦

ልጅዎን ጥርሷን እንድትታጠብ ስለ መስደድዎ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፤ እኔም ብሆን ያን ሌሊት ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። ወደ እርሷ እመለሳለሁ። የተሰማዎትን ነገር ስም ሊያወጡለት አለመቻልዎም አያስደንቀኝም። ቂም ነው እንዳይሉ እማማ አንዳች አልበደሉዎትም፤ ኀዘን ነው እንዳይሉ የሞተ ሰው የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተኛ ሆነው የሰሙት ተረት ውስጥ፣ እርስዎ ለካ ደጅ ነበር የቆሙት ማለት ነው፤ የነገሩንም ወረቀት ያገኙት በገዛ ቤትዎ ሰነድ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ጣት ቢያስር አይፈረድም።

«ጉዳዩ የእኔ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄዎን ላስቀድም፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያሳፈረዎት እርሱ ይመስለኛልና። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ ብሮድሙር የሚባል ሠፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በወጣው የዚያ ሠፈር ውል ውስጥ እንዳይኖሩ ከተከለከሉት መካከል አይሁዶች፣ የማላይና የእስያ ተወላጆች፣ እንዲሁም «የኢትዮጵያ ዘር» ያላቸው ሰዎች ተዘርዝረዋል። ያኔ ጥቁር ሕዝብን ሁሉ በአገራችን ስም መጥራት በነጮቹ ጽሑፍ የተለመደ ስለነበር፣ የውሉ ጸሐፊ በልቡ ያሰበው የጎንደርን ወይም የሐረርን ሰው አልነበረም። ሆኖም የጎንደሩ ሰው ፓስፖርቱን ይዞ በሩን ቢያንኳኳ ኖሮ «አንተስ ሌላ ነህ» ተብሎ አይገባም ነበር። የሚገባበት አንድ መንገድ ቢኖር የዚያ ሠፈር ውልም እንደ እርስዎ ወረቀት የፈቀደው የቤት ሠራተኝነት ነው።

እርስዎ በ2004 ቦሌ ላይ ሻንጣዎን ሲያስመዝኑ፣ እዚህ የሚያደርስዎ መንገድ ከተጠረገ ዐሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር። ለአፍሪካና ለእስያ ሰው በሩን ጠበብ አድርጎ የኖረው የኢሚግሬሽን ኮታ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የከለከለው ሕግ የተፈረመው ደግሞ በኤፕሪል 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ ነው። ሁለቱም የመጡት የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ባመጣው ግፊት ነው። አያቶችዎ በዚህ ምድር አለመገፋታቸው እውነት ነው፤ የሚኖሩበት ቤት ቁልፍ ግን በእነዚያ ሰዎች እጅ በኩል ነው የደረሰዎት። ስለዚህ ሲያዝኑ የሌላ ሰው ልቅሶ ላይ የገቡ አይምሰልዎ።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። ወረቀቱን በእርሳቸው ላይ ከመመዘን በፊት እንዲህ ያለው ውል እንዴት ይሠራ እንደነበር ቢያውቁ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው፣ በአማቶቻቸው ቤት ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ በመንግሥት ዋስትና የቤት ብድር እንዲያገኙ አስቻላቸው፤ ሥራ ተቋራጮችም በድንች እርሻ ላይ ሳይቀር ሠፈር ይተክሉ ጀመር። ኒው ዮርክ አጠገብ ከ1947 ጀምሮ በተሠራው ሌቪታውን ብቻ ከ17,000 በላይ ቤቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመዋል። ለቤት ብድር ዋስትና ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ግን ቀድሞ በ1930ዎቹ ባወጣው መመሪያ የእርስዎን ወረቀት የመሰሉ ክልከላዎች በውል ውስጥ እንዲገቡ ይመክር ነበር። ሌቪታውንም በመጀመሪያው ውሉ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት፣ ነጭ ያልሆነ የቤት ሠራተኛ መቅጠር ግን እንደሚቻል ጽፏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ክልከላ እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ አንቀጹ ከሌቪታውን ውል ቢወጣም አሠራሩ ቀጠለ። በሌላኛው ሌቪታውን፣ በፔንሲልቬኒያ፣ አንድ ጥቁር ቤተሰብ በ1957 ቤት ገዝቶ ቢገባ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ድንጋይ ወርውረዋል። በዚያው ጦርነት ተዋግቶ በተመለሰው ጥቁር ወታደርና በእማማ አባት መካከል የነበረው ልዩነት ይኼ ነበር፤ አንደኛው ሣር ያለው ቤት አገኘ፣ ሌላኛው ማመልከቻው ተመለሰለት።

ይህን ሁሉ ስነግርዎ የእማማ ትዝታ ውሸት ነው ለማለት አይደለም። የወተት ጠርሙሱ ድምፅ እውነት ነው። የመንገድ መብራቱም፣ እራቷን በሰው ቤት የጠበቀችው ልጅም እውነት ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ዓለምን የሚያየው ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ነውና በላይ የሚፈረመው ወረቀት አይታየውም። እንዲያውም ልብ ብለው ከሆነ እማማ የሚያልፉት ውሉን ብቻ ላይሆን ይችላል። የእርሳቸው ዕድሜ የሆኑ አሜሪካውያን የኖሩበት ልጅነት ብርቱ ፍርሃት ያለበት ነበር። ፖሊዮ፣ እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለው በሽታ፣ በ1952 ብቻ ወደ 58,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይዟል፤ እናቶች በበጋ ልጆቻቸውን ከዋና ገንዳ ያግዱ ነበር። የክትባቱ ታላቅ ሙከራ በ1954 የተጀመረው ከእናንተ ከወንዙ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ ማክሊን፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ የአቶሚክ ቦምብ ቢወድቅ ብለው ከዴስክ ሥር መደበቅን ይለማመዱ ነበር። ስለ እነዚህስ አውርተውዎት ያውቃሉ? ካላወሩ፣ የሚያወጉት ከልጅነታቸው ብርሃን ያለበትን ክፍል መርጠው ነው ማለት ነው። በጨለማው ክፍል ምን እንዳለ አያውቁም ብለው ግን አይቸኩሉ።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ከትዝታዎቻቸው ሁሉ ሁለቱ እኔን ያዝ አድርገውኛል፤ ሰጎኗና ሐሙስ የምትመጣው ሴት። ግሌን ኤኮ እማማ በልጅነታቸው ሲሄዱበት ጥቁር ልጅ አይገባበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ጥቁር ተማሪዎችና ጓደኞቻቸው ትኬት ይዘው እነዚያው የሚዞሩ የእንጨት እንስሳት ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ አምስት ተማሪዎችም ታሠሩ። በዚያ በጋ በበሩ ላይ በተደረገው ሰልፍ ተማሪዎቹ ብቻቸውን አልነበሩም። ባነክበርን ከሚባለው አቅራቢያ ሠፈር የመጡ ነጭ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹ አይሁዶች፣ መፈክር ይዘው አብረዋቸው ቆመዋል። መዝናኛው በተከታዩ ዓመት ለሁሉም ተከፈተ። እንደ ስሌቴ እማማ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የ14 ዓመት ልጅ ጋዜጣ ያነባል፣ እራት ላይ አባቱ የሚለውን ይሰማል። በቤታቸው ምን ተባለ ይሆን? ከሰልፈኞቹ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ነበር? ወይስ ስለ ነገሩ እንዳይነሣ ተብሎ ታለፈ? ይህን ጥያቄ እንደ መርማሪ ሳይሆን፣ ልጅዎም በዚያው መዝናኛ ብትጫወት የሚያስደስታት እንደ አንዲት እናት መጠየቅ የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ያ መዝናኛ ዛሬ የሕዝብ ፓርክ ነው፤ እንስሳቱም እስከ ዛሬ ይዞራሉ።

የሐሙሷ ሴት ነገር ወደ ሌላ ቦታ ይወስደኛል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ። እማማ ስለ እርሷ ሲያወሩ እንፋሎቱንና እንጉርጉሮውን ነገሩዎት፤ ስሟን በደብዳቤዎ አላየሁም። ያሳደገችዎ የእቴቴም ትክክለኛ ስም በደብዳቤዎ የለም። በ77 ዓ.ም. ከወሎ የመጣች ልጅ ምን ትታ እንደመጣች እርስዎም እኔም ሳንነጋገር እናውቃለን። ስንት ዓመቷ ነበር? የት ትተኛ ነበር? ትምህርት ቤት ገብታ ነበር? የመጀመሪያዋን እንጀራ ልጆቹ ሲሻሙ የመጨረሻዋን ማን ይበላ ነበር?

ይህን የምልዎ እርስዎን ከዚያ ወረቀት ጸሐፊዎች ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ እናትዎም ልጅቷን ከሞት አስጥለዋት ይሆናል። የምልዎ በእኛም ቤት እንዲህ ያለች ልጅ ስለነበረች ነው። ከቤተሰባችን ፎቶዎች በአንዱም የለችም። ፎቶ አንሺው ሲመጣ እኛን ፀጉራችንን አበጥራ፣ የአንገት ልብሳችንን አስተካክላ፣ ገለል የምትለው እርሷ ነበረች። በአንደኛው ፎቶ ጠርዝ ላይ ክንዷና ማበጠሪያው ቀርተዋል፤ አንሺው ቸኩሎ ይመስለኛል። ያን ፎቶ ለዓመታት ሳየው ክንዱን አላየሁትም ነበር። ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ልጄ «ይኼ የማን እጅ ነው?» ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ። እኔም ያኔ እንደ እርስዎ ሌላ ነገር አሳብቤ አለፍኳት። ስለዚህ እማማ ፊት ሲቀመጡ የሚጠይቁት ጥያቄ ለእርስዎም እንግዳ እንዳልሆነ አውቀው ቢገቡ፣ ድምፅዎ ላይ ይታወቃል፤ እርሳቸውም ይሰሙታል።

ባለቤትዎ ስላቀረቡት ሐሳብ እንነጋገር። ወረቀቱን በበዓሉ ላይ ማንበብ እውነት መናገር ነው፤ ጥፋት አለበት አልልም። ነገር ግን እማማ በዚያ ስብሰባ መካከል፣ ጽሑፋቸውን አንብበው ሳይጨርሱ፣ ሾርባ ካቀበሏት ጎረቤታቸው እጅ ቢሰሙት የሚሰማቸው ክህደት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ውሉ ምንም ቢባል አይሰሙም። ሰበብ ፈጥሮ መጻፉን መተውም ይቻላል፤ «ፈረቃዬ በዛ» ቢሉ ያምኑዎታል። ግን እርስዎ እንዲህ ያለ ሰው አይመስሉኝም፤ ከዚያ ወዲያም አጥር ላይ ሰላምታ በተለዋወጡ ቁጥር ያ ሰበብ በመካከላችሁ ይቆማል። ዝም ብሎ መጻፍም አለ፤ ጣቶችዎ እንቢ እንዳሉ ነግረውኛልና እርሱን አልጨምርበትም። እኔ የምመክርዎ አስቀድመው ለእርሳቸው ብቻ እንዲያሳዩ ነው፤ ከበዓሉ በፊት፣ በቂ ቀን እያለ።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ባሉበት አንድ ቀን ቡና አፍልተው ይጥሯቸው፤ ቤትዎ ቢሆን ይሻላል፣ ወረቀቱ የቤትዎ ነውና። አቦልን በሰላም ይጠጡ። ከዚያ ስለ ሐሙሷ ሴት ይጠይቁ፤ ስሟን፣ ከየት ትመጣ እንደነበር፣ ልጆች እንደነበሯት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳዩዋት። ስለ እቴቴም ያውጓቸው፣ የማያውቁትንም ጭምር። ወረቀቱን ከቶና በፊት አያውጡ። ሲያወጡትም ከመነሻው ዓላማዎን ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ «እማማ፣ ይህን አገኘን፤ ለመውቀስ አላመጣሁትም፤ ብቻዬን ይዤው ጽሑፍዎን መጻፍ አቃተኝ» ቢሉ ይበቃል። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያምር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከዚያ ያንብቡት ብለው ዝም ይበሉ። ነርስ ነዎትና ከባድ ነገር ለሰው ነግሮ ዝም ማለትን ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቁበታል።

ምን እንደሚመልሱ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። «ወላጆቼ እንዲህ ያሉ ሰዎች አልነበሩም» ሊሉ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው፣ የሞቱ ወላጆቹን መከላከሉ ነው። በዚያ ሰዓት አይከራከሩ። ቀናት ይስጧቸው፤ የ79 ዓመት ሰው በአንድ ቡና 75 ዓመቱን አያገላብጥም። ሊያለቅሱም ይችላሉ፤ ያኔ እርስዎ የሚያባብሉ ሆነው እንዳይቀሩ ይጠንቀቁ፣ የተከፉት እርስዎም ነዎት። ወይም ደግሞ፣ ይህንንም እጠረጥራለሁ፣ «አውቅ ነበር» ይሉ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው መልስ እርሱ ነው፤ ግን ብዙ ዓመት የሚነግሩት ሰው አጥተው የቆዩት ነገር ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉን በተመለከተ አንድ መስመር ቢያሰምሩ እመክርዎታለሁ። ትዝታው የእማማ ነው፤ እርስዎ ጸሐፊ ነዎት፤ ያላሉትን አያስብሏቸው። የሐሙሷን ሴት በስሟ ቢጠሯት፣ ስለ ውሉም አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ ጽሑፉ ከበፊቱ የበለጠ ይደምቃል ብዬ አስባለሁ፤ ይህንም ለእርሳቸው በግልጽ ሊነግሯቸው ይችላሉ። አልጨምርም ካሉ ግን ያሉትን ይጻፉላቸው ወይም «ይህን ሌላ ሰው ቢጽፍልዎ እመርጣለሁ» ይበሏቸው፤ ሁለቱም ያስከብራሉ። የወረቀቱን ቅጂ በበዓሉ ላይ ከአሮጌ ፎቶዎች ጎን እንዲቀመጥ አዘጋጆቹን መጠየቅም የእርስዎ መብት ነው፤ የሠፈሩ ነዋሪ ነዎት፣ 75 ዓመቱ የእርስዎንም ስድስት ዓመት ይጨምራል። ባለቤትዎም እጃቸውን የሚያሳርፉበት ሥራ አለ። ክልከላው ዛሬ በሕግ ፊት አይሠራም፤ ሜሪላንድን ጨምሮ በርካታ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ባለቤቱ ያን አንቀጽ ከሰነዱ የሚሽር ጽሑፍ በመሬት መዝገብ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳሉ። የካውንቲያችሁን መዝገብ ቤት ጠይቀው ያስመዝግቡት፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ግን ቤታችሁ አስቀምጡት። የእማማም ቤት ሰነድ ያው አንቀጽ ስላለበት አብረው ለመሄድ ይፈልጉ ይሆናል።

ለልጅዎ የሚሆነው መልስ አጭር ነው። «አይ፣ አንችልም ነበር፤ ሕጉ እንዲቀየር ብዙ ሰዎች ታግለው ነው» ይበሏት። ቀጥሎ «እማማስ ያውቁ ነበር?» ትላለች፤ የአሥር ዓመት ልጅ ናትና መጠየቋ አይቀርም። «ጠይቄያቸው የነገሩኝን እነግርሻለሁ» ይበሏትና በቃልዎ ይገኙ። እማማን መውደዷን ግን እንድታቆም የሚያደርግ ነገር አላየሁም፤ እርስዎም ያዩ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዲስ አበባ ይደውሉ። እናትዎ ወይም ያን ጊዜ የሚያስታውስ ትልቅ ዘመድ ካለ፣ የእቴቴን ሙሉ ስም ይጠይቁ፤ ከቤታችሁ ስትወጣ ወዴት እንደሄደችም። እናንተ ጋ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ቢደውሉ ተረጋግተው ያወሩዎታል። ስሙን ሲነግሩዎት ወረቀት ላይ ይጻፉት።